ቻዴሞ ያላት ሊፍ፦ አዳፕተር ልግዛላት፣ ሶኬቷን ልቀይር ወይስ ልሽጣት?

ካቻምና በበረዶው ወራት ለአክስቴ ልጅ ሠርግ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ወደ ፊላደልፊያ ተነሳሁ። መኪናዬ የ2019 ኒሳን ሊፍ ናት፤ በባትሪ ብቻ የምትሄድ፣ ባለ 40 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪዋ። በወረቀት ላይ በአንድ ሙሉ ቻርጅ 150 ማይል ገደማ ትሄዳለች። ብርዱና ማሞቂያው ሲጨመሩበት ግን ሂሳቡ ሌላ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ አበርዲን ስደርስ 17 በመቶ ብቻ ቀርቷት ነበር።

ቻርጅ ማድረጊያው ቦታ ላይ ሲሲኤስ የሚባለው የመሰኪያ ዓይነት ያላቸው አራት ፈጣን ቻርጀሮች ቆመዋል። አራቱም ባዶ ናቸው። ለእኔ መኪና የሚሆነው፣ ቻዴሞ የሚባለው ሌላ ዓይነት ገመድ ግን አንድ ብቻ ነው። እሱም ፕላስተር ተጠቅልሎበታል፤ አይሠራም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው። አጠገቡ ያለ ሆቴል ግቢ ውስጥ ቀርፋፋ ቻርጀር አገኘሁና ሎቢው ውስጥ በሱፍ ልብሴ አራት ሰዓት ተቀመጥኩ። የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት አመለጠኝ። ለእራቱ ደረስኩ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ነገሩን አጥብቄ ያዝኩት። እንደኔ ቻዴሞ የምትወስድ ሊፍ ያላችሁ ሰዎች ብዙ ናችሁ። ርካሽ ናት፤ ለከተማ ሥራ ትሆናለች፤ ዘይት የላት፣ ቤንዚን የላት። ስለዚህ ያወጣሁ ያወረድኩትን እነሆ።

ችግሩ የሶኬቱ ቅርጽ ብቻ አይደለም

ቻዴሞ የጃፓኖች የፈጣን ቻርጅ ደረጃ ነው። ማኅበሩ የተቋቋመው በፈረንጆቹ 2010 ሲሆን ከመሥራቾቹ መካከል የቶኪዮ ኤሌክትሪክ ኩባንያ፣ ኒሳንና ሚትሱቢሺ አሉበት። ሊፍም በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ገበያ ወጣች። የጀርመንና የአሜሪካ መኪና ሠሪዎች ግን ሲሲኤስ የሚባለውን መረጡ። አሜሪካ ውስጥ ውድድሩ ካለቀ ቆይቷል። የቻርጅ ጣቢያ ድርጅቱ ኤሌክትሪፋይ አሜሪካ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ከካሊፎርኒያ ውጭ በሚተክላቸው አዳዲስ ጣቢያዎች ቻዴሞ ማስገባት አቆመ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ቴስላ የራሱን መሰኪያ ለሌሎች ክፍት አደረገ። በ2023 ፎርድና ጄኔራል ሞተርስ (ጂኤም) ተከተሉት። የ2026ቷ አዲሷ ሊፍ ራሷ አሜሪካ ውስጥ የቴስላውን ዓይነት መሰኪያ ይዛ ነው የመጣችው። የእኛን መኪና የሠራው ድርጅት ራሱ ቻዴሞን ትቶታል ማለት ነው።

ታዲያ ሶኬቱን በሶኬት አንቀይረውም? አይሆንም። መኪናና ቻርጀር መብራት ከመቀባበላቸው በፊት ይነጋገራሉ። ባትሪዬ ስንት ቮልት ላይ ነው፣ ስንት አምፔር እችላለሁ፣ አሁን ጀምር፣ አሁን አቁም ይባባላሉ። ቻዴሞ የሚነጋገረው ካን በሚባለው የመኪና ውስጥ የመረጃ መስመር ነው። ሲሲኤስ ደግሞ መረጃውን በምልክት ሽቦው ላይ በከፍተኛ ድግግሞሽ ጭኖ ይልካል። ቋንቋቸው ለየቅል ነው። ስለዚህ በመካከላቸው ለቻርጀሩ «እኔ የሲሲኤስ መኪና ነኝ» የሚል፣ ለመኪናዋ ደግሞ «እኔ የቻዴሞ ቻርጀር ነኝ» የሚል አስተርጓሚ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። 20 ዶላር ተሽጦ ሽቦ ከሽቦ ብቻ የሚያገናኝ ነገር ለፈጣን ቻርጅ ካያችሁ እለፉት።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ቀን ቁጠሩ

ይህን ምክር ማንም አልሰጠኝም፤ ብሰማው ኖሮ ብዙ ሌሊት እተኛ ነበር። የስልካችሁን ካላንደር ክፈቱና ባለፉት 12 ወራት ከቤት ርቃችሁ ፈጣን ቻርጅ የግድ ያስፈለጋችሁ ስንት ቀን እንደሆነ ቁጠሩ። እኔ 50 ይሆናል ብዬ ነበር። 11 ወጣ።

ቤት ውስጥ 240 ቮልት መስመር ካላችሁ ሊፍ በ6.6 ኪሎዋት ትሞላለች። ባለ 40ዋ ከባዶ እስከ ሙሉ ስምንት ሰዓት ገደማ ይበቃታል። ማታ ሰክቶ መተኛት ነው። በተራው የ120 ቮልት ሶኬት ግን ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። አፓርታማ የምትኖሩና ማታ የምትሰኩበት የሌላችሁ ቁጥራችሁ ከእኔ በጣም ይለያል። በኡበርና በሊፍት ሰው እያመላለሳችሁ የምትሠሩም እንዲሁ። ለእናንተ ፈጣን ቻርጅ የየቀን እንጀራ ነው፤ ስለዚህ ከታች ስለ ሙቀት የጻፍኩትን ሁለት ጊዜ አንብቡት።

አንድ ሌላ ነገር። የመኪናዋን አፍንጫ ክዳን ከፍታችሁ እዩ። ሁለት መሰኪያ መኖር አለበት፤ ትልቁ ቻዴሞ ነው፣ ትንሹ ለቀርፋፋው ቻርጅ የሚሆነው ጄ1772 ነው። በቀደሙት ዓመታት በተለይ «ኤስ» በሚባለው ርካሽ ዓይነት ላይ ትልቁ በተጨማሪ ክፍያ የሚገባ ነበር። አንድ ትንሽ መሰኪያ ብቻ ካላችሁ አዳፕተር የሚባለው ወሬ እናንተን አይመለከትም።

ቁጥራችሁ ከአምስት ቀን በታች ከሆነ የእኔ ምክር አጭር ነው፦ ምንም አትንኩ። ለእነዚያ ቀናት መኪና ተከራዩ ወይም ከዘመድ ተዋዋሱ። ለትንሹ መሰኪያ የሚሆን የቴስላ ቀርፋፋ ቻርጀር አዳፕተር ግን ግዙ። በብዙ ሆቴሎች ግቢ የተተከሉትን የቴስላ ቻርጀሮች ይከፍትላችኋል፤ ዋጋውም ቀላል ነው። ሱፐርቻርጀር በሚባለው የቴስላ ፈጣን ቻርጀር ላይ ግን በፍጹም አይሠራም፤ አታምታቱት።

አዳፕተሩ

ከሲሲኤስ ጣቢያ ወደ ቻዴሞ መኪና የሚያስተረጉሙ አዳፕተሮች ለሕዝብ መሸጥ የጀመሩት በቅርብ ዓመታት ነው። አብዛኞቹ ቻይና የሚሠሩ ናቸው። ዋጋቸው እንደ ሻጩ ከጥቂት መቶ ዶላር እስከ 1,000 ዶላር ይደርሳል። እኔ መጨረሻ ላይ የገዛሁት ይህንን ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የመጀመሪያው ወጥመድ አቅጣጫው ነው። ሁለት ተቃራኒ ዕቃ በአንድ ስም ይሸጣል። አንዱ የሲሲኤስ ቻርጀርን ለቻዴሞ መኪና ያውላል፤ የምንፈልገው ይህንን ነው። ሌላው የቻዴሞ ቻርጀርን ለሲሲኤስ መኪና ያውላል። ከመክፈላችሁ በፊት ለሻጩ «ቻርጀሩ ሲሲኤስ፣ መኪናዬ ሊፍ» ብላችሁ ጻፉለትና መልሱን በጽሑፍ ያዙ። ሁለተኛው ወጥመድ ቁጥሩ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሲሲኤስ 1 ነው፤ አውሮፓ ደግሞ ሲሲኤስ 2። ሁለቱ እርስ በርስ አይገቡም።

ዕቃው ቀላል አይደለም። ክብደት አለው፤ ውስጡ ኮምፒውተሩን የምታስነሳ ትንሽ ባትሪ አለች። ባትሪዋ ባዶ ከሆነች ጣቢያው ላይ ቆማችሁ ትቀራላችሁ። እኔ ጉዞ ሳስብ ዋዜማውን በዩኤስቢ እሞላታለሁ። ሶፍትዌሩም በዩኤስቢ ፍላሽ ይታደሳል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ አንዳንድ ጣቢያ አዳፕተሩን እሺ የሚለው ከታደሰ በኋላ ነው። ስለዚህ ሶፍትዌር የማያወጣ ሻጭ ዘንድ በርካሽ ከመግዛት፣ የሚያድስና ዕቃ መልሶ የሚቀበል ዘንድ ጨምሮ መግዛት ይሻላል። ዩኤል ከሚባለው የዕቃ ደኅንነት ፈታሽ ድርጅት ማረጋገጫ እንዳለውም ጠይቁ። ብዙዎቹ የላቸውም፤ በእሱ ላይ በመቶ የሚቆጠር ቮልት ነው የሚያልፈው።

ዕቃው በደረሰ በመጀመሪያው ሳምንት በምትመላለሱበት መንገድ ላይ ያሉትን ጣቢያዎች ሁሉ ሞክሩ። ባትሪያችሁ ግማሽ ሆኖ፣ ቤታችሁ ቅርብ ሆኖ። መመለሻው ቀን ሳያልፍ የትኛው እንደሚሠራ ታውቃላችሁ። እኔ ሦስት ሞከርኩ። ሁለቱ ሠሩ። ሦስተኛው ደጋግሞ ጀመረና አቆመ፤ እስካሁንም አልሠራልኝም። ስማቸውን በወረቀት ጽፌ መኪናዋ ኪስ ውስጥ አስቀምጫለሁ።

ስለ አደጋው ግልጽ ልሁን። ቻርጅ እየተደረገ አዳፕተሩን መንቀል ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የቤታችን መብራት በሰከንድ ብዙ ጊዜ በዜሮ ስለሚያልፍ ብልጭታው ቶሎ ይጠፋል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈሰው የባትሪ መብራት ግን በዜሮ አያልፍም። ብልጭታው ይቀጥላል፤ እጅ ያቃጥላል። ከጣቢያው ስክሪን ወይም ከስልካችሁ አቁሙት፣ ዜሮ መሆኑን እዩ፣ ከዚያ ንቀሉ። የጣቢያው ወፍራም ገመድ አዳፕተሩ ላይ ተንጠልጥሎ የመኪናዋን መሰኪያ እንዳይጎትተው መኪናዋን ጠጋ አድርጋችሁ አቁሙ። አዳፕተር ላይ ሌላ አዳፕተር ደራርቦ ሱፐርቻርጀር ላይ መሰካትን የሚሞክሩ ሰዎች አይቻለሁ። እኔ ልጆቼ መኪና ውስጥ እያሉ አላደርገውም።

አንድ የጨዋነት ነገርም አለ። ሊፍ 350 ኪሎዋት ቻርጀር ላይ ብትሰኩም የምትወስደው 45 ገደማ ነው። እዚያው ግቢ 50 ወይም 150 የሚል ካለ እሱን ያዙ፤ ትልቁን ለሚችልበት ተዉት።

ሙቀት

አዳፕተር ብዙ በር ይከፍታል። መኪናዋን ግን አይለውጣትም። የድሮዋ ሊፍ ባትሪዋን የሚያቀዘቅዝ ፈሳሽ የላትም። ፈጣን ቻርጅ ያሞቃታል፤ አውራ ጎዳና ላይ በ70 ማይል መንዳትም ያሞቃታል። ስትሞቅ ራሷን ለመጠበቅ የምትቀበለውን ኃይል ትቀንሳለች። በመጀመሪያው ቻርጅ 45 ኪሎዋት የወሰደችው በሦስተኛው ላይ ግማሹንም ላትወስድ ትችላለች። ዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ ሙቀት ማሳያ አለ፤ ቀዩ ሲቃረብ ታዩታላችሁ። ባለ 62 ኪሎዋት ሰዓቷ «ፕላስ» ሰፋ ያለ ባትሪ ስላላት ትታገሣለች፤ የሚመቻት ቻርጀር ስታገኝም ከ40ዋ በበለጠ ፍጥነት ትሞላለች። ማቀዝቀዣ ግን እሷም የላትም።

ስለዚህ በእኔ ልምድ ባለ 40ዋን በቀን አንድ ፈጣን ቻርጅ ደስ ይላታል። ሁለት ትችላለች። በሐምሌ ሙቀት ሦስተኛውን ከጠየቃችኋት መንገድ ላይ ትሰነብታላችሁ። ከዋሽንግተን ዲሲ ፊላደልፊያ ወይም ሪችመንድ ከሆነ አዳፕተሩ ዋጋውን ያወጣል። ከዲሲ አትላንታ ከሆነ ግን አዳፕተር አይደለም የሚያስፈልጋችሁ፤ ሌላ መኪና ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው የምታመላልሱ ደግሞ በየቀኑ ሁለት ሦስቴ ፈጣን ቻርጅ ስታደርጉ ባትሪው ቶሎ ያረጃል። ያኔ ያጠራቀማችሁትን ብር አዳፕተር ላይ አታውሉት።

ሶኬቱን ከነጭራሹ መቀየር

የቻዴሞውን መሰኪያ አውጥቶ በቦታው የሲሲኤስ መሰኪያና አስተርጓሚውን ኮምፒውተር መኪናዋ ውስጥ መግጠም ይቻላል። የሠሩት አሉ። አዳፕተር መሸከም ይቀራል፤ ገመዱ በቀጥታ ይገባል፤ ቆንጆ ነው። ኒሳን ግን ይህን አይሸጥም፣ አይገጥምም። ዋጋው ከአዳፕተሩ በላይ እንጂ በታች አይወጣም። አንዴ ከተቀየረ የቀሩት የቻዴሞ ጣቢያዎችም ይዘጉባችኋል።

ኒሳን አሜሪካ ውስጥ ባለ 30 ኪሎዋት ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሆኑት ባትሪዎች 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል ዋስትና ሰጥቷል። ዋስትናችሁ ገና ካላለቀ የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሩን የነካ ሥራ ክርክር ያመጣባችኋል። ኢንሹራንሱም ይጠይቃል። ደግሞ ይህ የሠፈር መካኒክ ሥራ አይደለም። ብርቱካናማዎቹ ገመዶች ውስጥ ከ350 ቮልት በላይ አለ። የሰለጠነ ሰው እንኳ የባትሪውን ኃይል የሚያቋርጠውን የአገልግሎት መቁረጫ ነቅሎ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይጠብቃል፤ ኃይል ያጠራቀሙ ክፍሎች ስላሉ። ወንድሞቼ፣ በዩቲዩብ እያያችሁ እንዳትጀምሩት። እኔ ይህን ምርጫ ለማንም አልመክርም፤ ኤሌክትሪክ መኪና ሙያው ለሆነ ሰው ካልሆነ በቀር።

ቴስላ ላላችሁ ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው። እዚያ ቅየራውን ድርጅቱ ራሱ ይሠራዋል። አውሮፓ ውስጥ ከ2019 ጀምሮ የድሮ ሞዴል ኤስና ኤክስን ለሲሲኤስ ሲያበቃ ቆይቷል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ በ2022 የሲሲኤስ አዳፕተሩን በ250 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ከዚያ በፊት ለተሠሩ አንዳንድ መኪናዎች መጀመሪያ የምትቀየር የኤሌክትሮኒክስ ክፍል አለች። የእናንተ ያስፈልጋት እንደሆነ ለማወቅ ስክሪኑ ላይ የሶፍትዌር ገጽ ውስጥ የተሽከርካሪ ተጨማሪ መረጃ የሚለውን ክፈቱ፤ የሲሲኤስ አዳፕተር እንደምትቀበል ወይም ክፍሏ እንዳልተገጠመላት ይነግራችኋል። ሱፐርቻርጀር በሌለበት መንገድ የምትሄዱ ከሆነ አስገጥሙ። ካልሆነ ገንዘባችሁን ያዙ።

መሸጥ

ሊፍ ስትሸጥ ብዙ አታወጣም፤ ልብ ይሰብራል። ግን አወዳድሩ። ለምሳሌ ያገለገለች ሸቭሮሌ ቦልት ሲሲኤስ አላት። ባትሪዋ በፈሳሽ ይቀዘቅዛል። ከ2020 እስከ 2023 ላለችው ሞዴል 259 ማይል ተብሎ ተመዝግቦላታል። ባትሪው ጉድለት ተገኝቶበት መኪናዎቹ ለጥገና ስለተጠሩ ሠሪዋ ጂኤም አዲስ ባትሪ የቀየረላቸው ብዙ ናቸው፤ ስትገዙ ይህን ጠይቁ። በጂኤም አዳፕተርም ሱፐርቻርጀር ትገባለች። ፍጥነቷ ግን 55 ኪሎዋት አካባቢ ነው፤ ከሊፍ ብዙም አትርቅም። ልዩነቱ ሦስተኛው ቻርጅ ላይ አለመድከሟ ነው። ተጠንቀቁ፤ እስከ 2021 ድረስ ፈጣን ቻርጅ መቀበያው በቦልትም ላይ በተጨማሪ ክፍያ ነበር። የሲሲኤሱ ሁለት ወፍራም ቀዳዳዎች የሌሏት ቦልት ገዝቶ ማልቀስ አለ።

ላገለገለ ኤሌክትሪክ መኪና ይሰጥ የነበረው እስከ 4,000 ዶላር የሚደርስ የፌዴራል የግብር ቅናሽ በፈረንጆቹ መስከረም (ሴፕቴምበር) 30፣ 2025 አብቅቷል። «መንግሥት ይከፍላል» ብሎ የሚያባብል ሻጭ ካገኛችሁ ቀኑን አስታውሱት።

ለኡበር ሠራተኞችና ማታ የሚሰኩበት ለሌላቸው የእኔ መልስ ይኸው ነው፦ ሽጡ።

አዲስ አበባ ላላችሁ

ወንድሜ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም «እኔስ?» አለኝ። ኢትዮጵያ በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ከቻይና የመጡ መኪናዎች ብዙ ናቸው። የእሱም ለቻይና ገበያ የተሠራች የቮልስዋገን አይዲ 4 ናት። ለቻይና የተሠራ መኪና ጂቢቲ የሚባለውን የቻይና መሰኪያ ይዞ ይመጣል። ሲሲኤስ 2 ያለበት ቻርጀር ሲያጋጥም ያው የቋንቋ ችግር ይነሳል፤ ጂቢቲም እንደ ቻዴሞ በካን ነው የሚነጋገረው። ስለዚህ ለፈጣን ቻርጅ ኮምፒውተር ያለው አዳፕተር ይፈልጋል። አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የጂቢቲ ፈጣን ቻርጀር ለመኪናው በ12 ቮልት ረዳት መብራት ይልካል። ሲሲኤስ ግን አይልክም። አዳፕተሩ ያንን ራሱ ማቅረብ አለበት፤ ስትገዙ ጠይቁ።

ለቀርፋፋው ቻርጅ ግን ቀላል ነው። ከአውሮፓው ታይፕ 2 ወደ ጂቢቲ የሚቀይር፣ ኮምፒውተር የሌለው አዳፕተር ይበቃል።

ለወንድሜ የነገርኩት ግን ስለ አዳፕተር አልነበረም። መጀመሪያ ቤቱ ኧርዝ የሚባለው የመሬት ሽቦ በትክክል መዘርጋቱን በባለሙያ አስፈትሽ አልኩት። ኧርዝ ከሌለ ብዙ የእጅ ቻርጀሮች እምቢ ይላሉ፤ እሺ ያለውም አያስተማምንም። ከተራ የ10 አምፔር ሶኬት እንኳ ሌሊቱን 20 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይገባል። ለከተማ ውሎ ይህ ይተርፋል። ክፍለ ሀገር የሚወጣ ከሆነ ያኔ ስለ አዳፕተር እናወራለን አልኩት። እስካሁን አልጠየቀኝም።

የእኔ

11 ቀን፣ ቤቴ 240 ቮልት፣ ሩቁ መንገዴ ፊላደልፊያ። አዳፕተሩን ገዛሁ፤ ሊፌንም አልሸጥኩም።

ባለፈው ወር ያቺው ሙሽራ ልጇን ክርስትና አስነሳች። አበርዲን ላይ ያው ግቢ ገባሁ። የቻዴሞው ገመድ ላይ ያለው ፕላስተር አልተነሳም። ከሲሲኤሶቹ አንዱ ላይ ሰካሁ። 43 ደቂቃ ፈጀ፤ ከቴርሞስ ሻይ ጠጣሁ፣ ልጆቹ ዳቦአቸውን በሉ። ማታውኑ ፊላደልፊያ ገባን። ጠዋት ቅዳሴው ሳይጀመር ደርሰናል።